የመርከብ ፋኖስ፣ ቴሌግራፍና ደወል ለቤት ጌጥ፦ አመራረጥ፣ አጠጋገንና አሰቃቀል

አንድ የጭነት መርከብ ዕድሜውን ሲጨርስ መድረሻው ብዙውን ጊዜ የሕንዱ አላንግ፣ የባንግላዴሹ ቺታጎንግ፣ የፓኪስታኑ ጋዳኒ ወይም የቱርኩ አሊያጋ ነው። እዚያ ባሕር ዳርቻ ላይ ይቆራረጣል። ብረቱ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል፤ ናሱ፣ መዳቡና መስታወቱ ተለይቶ ለነጋዴ ይሸጣል። ዛሬ በኢንተርኔትም ሆነ በአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚታየው የመርከብ ፋኖስና ደወል በብዛት የሚመጣው ከእነዚህ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ሻጩ “የ19ኛው ክፍለ ዘመን” እያለ የሚያቀርበው ዕቃ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ከተሠራ መርከብ የወረደ ሊሆን ይችላል (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ነውር የለበትም፤ ሠርቶ የኖረ ዕቃ ነው። ነውሩ አንድም ቀን ባሕር ሳያይ ለጌጥ ተብሎ የተመረተው በዚያ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ “ይህ ክፍል ምን ይሠራ ነበር?” የሚለው ነው። የምልክት መሣሪያ በጨለማ፣ በጉም ወይም በሞተር ጩኸት መካከል ለሌላ ሰው መልእክት ማድረሻ ነው። የሌንሱ ስፋት፣ የውስጡ ሰንሰለት፣ የጀርባው ጠፍጣፋነት ሁሉ ምክንያት አለው። ለጌጥ የሚያመርተው ሰው መልኩን ይቀዳል፤ የማይታየውን የውስጡን ሥራ ግን ወጪ ስለሆነ ይተወዋል። ይህንኑ ጥያቄ ስታጸዱም ስትሰቅሉም ያዙት።

ከፋኖስ ጀምሩ

ለጀማሪ የሚሻለው የመንገድ ፋኖስ፣ ማለትም መርከብ ሌሊት ሲጓዝ ለሌሎች የሚታይበት መብራት ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ ይቀንሳል፣ አፓርታማ ውስጥ ቦታ አያጣብብም፣ መብራት ሆኖም ያገለግላል። መርከብ ወደ ፊት ሲታይ በግራ ጎኑ ቀይ፣ በቀኝ ጎኑ አረንጓዴ መብራት ይይዛል። ምሰሶው ላይና ከኋላው ደግሞ ነጭ አለው። እያንዳንዱ የሚያበራበት ስፋት በሕግ የተወሰነ ነው፦ የጎን መብራቶች 112.5 ዲግሪ፣ የምሰሶው 225፣ የኋላው 135፣ መልሕቅ የጣለ መርከብ የሚሰቅለው ደግሞ ዙሪያውን 360።

እነዚህን ቁጥሮች መያዝ ዕቃውን የት እንደምታስቀምጡት ይነግራችኋል። ከጣሪያ ለማንጠልጠል የሚሆነው የ360 ዲግሪው ብቻ ነው፤ ሌላው ከአንድ ወገን ስለተደፈነ ተንጠልጥሎ ሲታይ ጎደሎ ይመስላል። ግድግዳ ላይ የሚያምረው የ225ቱ ነው። የጎን መብራት ለክፍል ማዕዘንና ለመደርደሪያ ጫፍ ልክ ይሆናል። ቀይና አረንጓዴውን ጥንድ በር ግራና ቀኝ ስትሰቅሉ ወደ ውስጥ ለሚገባ ሰው ቀዩ በግራ ይሁን። ባሕር የሚያውቅ እንግዳ ከመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

እጃችሁ ላይ ያለው ፋኖስ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። መዳብና ናስ ማግኔት አይዙም። ከያዘ ገላው ብረት ነው፤ ብረቱ በመዳብ ቀለም የተነከረ ከሆነ ተዉት፣ ግራጫ ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ግን ብዙ የሥራ መርከቦች የያዙት እውነተኛ ፋኖስ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ጀርባውን እዩ። እውነተኛው መርከቡ ላይ ካለ መያዣ ጋር የሚገጥምበት ወፍራም ማንጠልጠያ አለው፤ የጎን መብራቶች ጥንድ ከሆኑ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ማንጠልጠያውና በሩ የአንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ሁለቱም ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው መስታወታቸው ብቻ ቀይና አረንጓዴ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ። ከፊት ያለው የናስ ሰሌዳ ላይ “ፖርት” (ግራ)፣ “ስታርቦርድ” (ቀኝ)፣ “ማስትሄድ” (ምሰሶ) ወይም “አንከር” (መልሕቅ) የሚል በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ከታወቁት አምራቾች መካከል የለንደኑ ዴቪ፣ የበርሚንግሃሙ ቡልፒት፣ የግላስጎው ቴልፎርድ ግሪየር ማካይ፣ የኔዘርላንዱ ደን ሃን እና የኒውዮርኩ ፐርኮ ይገኛሉ። ሰሌዳ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰሌዳ ለብቻው ተሠርቶ ይሸጣል።

ሌንሱ ላይ ጊዜ ስጡ። ደረጃ ደረጃ የተቀረጸው ወፍራም መስታወት በፈረንሳዊው ኦገስተን ፍሬኔል ስም የሚጠራው ነው፤ ትንሿን የላምባ ነበልባል ሰብስቦ አግድም ወደ አድማስ ይልካታል። አዲሱ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። በጥፍር ስትመቱት ድምፁ የደነዘዘ፣ ስትዳስሱት የማይቀዘቅዝ ከሆነ ፕላስቲክ ነው። ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የቀለጠ እንጂ ከውስጥ የተቀባ መሆን የለበትም፤ በጨርቅና በአልኮል ጠርዙን ሞክሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የድሮ የላምባ ፋኖስ “አረንጓዴ” መስታወት በቀን ብርሃን ሲታይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሻጩ “ተቀይሯል” ብሎ ዋጋ ሊቀንስ፣ ገዢውም “የተሳሳተ ነው” ብሎ ሊተወው ይችላል። ምክንያቱ የላምባ ነበልባል ቢጫ መሆኑ ነው፤ ቢጫ ብርሃን በሰማያዊማ መስታወት ሲያልፍ ለዓይን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ውስጡ ነጭ ቀዝቃዛ ኤልኢዲ ካስገባችሁ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ከ2200 እስከ 2700 ኬልቪን ያለ ሞቃት ብርሃን ስትጠቀሙ ትክክለኛው አረንጓዴ ይመለሳል።

ፋኖሱን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር

ላምባ ቤት ውስጥ አታንድዱበት። ጥላሸቱ ሌንሱን ያጠቁራል፤ ከዚህም በላይ አሮጌ ታንክ የብየዳ መስመሩ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ገላውን ሳትበሱ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ።

የላምባ ታንኩን አውጡ። አብዛኛው በሀዲድ ላይ የሚንሸራተት ወይም በሩብ ዙር የሚላቀቅ ነው። በሞቀ ውኃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ አድርቁት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ፋኖሱ ሲሸጥ ዋናው ታንክና ክር መያዣው መኖሩ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል።

ከፋኖሱ ወለል እስከ ሌንሱ መካከለኛ ወፍራም ቀለበት ያለውን ቁመት ለኩ። አምፖሉ ውስጥ ብርሃን የሚወጣበት ነጥብ በዚሁ ቁመት መዋል አለበት። 2 ሴንቲ ሜትር ብትስቱ እንኳ ዋናው ብርሃን ወደ ኮርኒስ ወይም ወደ ወለል ይዞርና ሌንሱ የደበዘዘ ይመስላል። ሰዎች “ሌንሱ አርጅቷል” የሚሉት አብዛኛው ጉድለት ይህ ነው። ከእንጨት ክብ ቆርጣችሁ ታንኩ የነበረበት ቦታ ላይ ልክ የሚቀመጥ መቆሚያ ሥሩለት፤ አምፖሉም ትንሽና ክብ ይሁን፤ ረጅም ዘንግ መሳይ አምፖል ከሌንሱ መሃል ነጥብ ስለሚወጣ ብርሃኑ ይበተናል።

ሽቦውን ከታች ባለው የአየር ቀዳዳ አስገቡ። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የጎማ ቀለበት አድርጉ፤ ስለት ያለው የመዳብ ጠርዝ ሽቦውን በጊዜ ብዛት ይቆርጠዋል። ሽቦው ሲጎተት ክብደቱ አምፖሉ ላይ እንዳያርፍ ከውስጥ በማሰሪያ ያዙት።

የምንመክረው 12 ቮልት፣ ከ4 እስከ 5 ዋት ኤልኢዲ ነው፤ አዳፕተሩ ከፋኖሱ ውጭ ግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰካል። ይህ ከግማሽ አምፔር በታች ስለሚፈልግ ባለ 1 አምፔር አዳፕተር ይበቃል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ከሆነ አሜሪካ የገዛችሁትን ሳትቀይሩ አዲስ አበባ ታበሩበታላችሁ። የግድ በ220 ቮልት መሥራት ካለበት ባለ ሦስት መስመር ሽቦ ተጠቀሙና የኧርዙን መስመር ቀለሙና ዝገቱ በተፋቀ ብሎን ከገላው ጋር እሰሩት። ናስና መዳብ ግሩም የኤሌክትሪክ አስተላላፊዎች ናቸው፤ ያለ ኧርዝ የተሠራ ፋኖስ አንድ ሽቦ ሲላቀቅ ሙሉ ገላው ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ሲያልቅ አንድ ሰዓት አብርታችሁ ጭንቅላቱን ዳስሱ፤ መሞቅ እንጂ ማቃጠል የለበትም።

ዕቃው መጀመሪያውኑ የኤሌክትሪክ ከሆነ ውስጡ ፒ28ኤስ የሚባል የአምፖል መያዣና ለ65 ዋት አምፖል የሚሆን ቦታ ታገኛላችሁ። ለዚህ መያዣ የሚሆኑ የኤልኢዲ አምፖሎች ይሸጣሉ፤ ነገር ግን የመርከብ ቮልት 24፣ 110 ወይም 220 ሊሆን ስለሚችል ሰሌዳውን ሳታነቡ አትሰኩ። የድሮ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ነጭማና ጭረታም ሆኖ እንደ ጥጥ የሚበተን ሽፋን ካያችሁ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ በደረቁ አትንኩት፣ በውኃ አርጥባችሁ በፕላስቲክ አሽጉትና ለባለሙያ ስጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሌንስ ሁሉ፦ ቀጥታ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። መብራቱን የሚሰበስበው ሌንስ ፀሐይንም ይሰበስባል፤ ቀጭን መጋረጃና ወረቀት ሊያቃጥል ይችላል።

የሞተር ማዘዣ ቴሌግራፍ

ትልቁ የሳሎን ዕቃ ይህ ነው። በናስ ምሰሶ ላይ የቆመ ክብ ፊት፣ ከጎኑ እጀታ፣ ፊቱ ላይ “ፉል” (ሙሉ)፣ “ሃፍ” (ግማሽ)፣ “ስሎው” (ቀስ)፣ “ስቶፕ” (አቁም)፣ “ስታንድ ባይ” (ተዘጋጅ)፣ “ፊኒሽድ ዊዝ ኤንጂንስ” (የሞተር ሥራ አብቅቷል) የሚሉ ትእዛዞች። ካፒቴኑ እጀታውን ሲያዞር ሰንሰለትና ሽቦ ታች ሞተር ክፍል ወዳለው ተመሳሳይ ሰዓት መሳይ ፊት መልእክቱን ይወስዳል፣ ደወልም ይጮኻል፤ መሐንዲሱም የራሱን እጀታ ወደዚያው ትእዛዝ አምጥቶ “ተቀብያለሁ” ይላል። መልሱ ላይኛው ፊት ላይ በሌላ ቀስት ይታያል። እጅግ የታወቀው አምራች የሊቨርፑሉ ቻድበርን ነው፤ ሊቨርፑል ጄ ደብልዩ ሬይን የመሳሰሉ ሌሎችም ነበሯት። የጀርመን፣ የኔዘርላንድ፣ የጃፓንና የሶቪየት መርከቦች በራሳቸው ቋንቋ የተጻፈባቸውን ይዘዋል፤ በሩሲያ ፊደል የተጻፈው ብዙ ጊዜ ረከስ ብሎ ይገኛል፤ መልኩ ግን አይተናነስም።

ሕንድ ውስጥ ሞራዳባድ የናስ ከተማ ተብሎ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አስመስሎ የተሠራው ቴሌግራፍ ከዚያና ከመሰል ቦታዎች በብዛት ይወጣል። ራሱን የቻለ ውብ ዕቃ ነው፣ የእውነተኛው ዋጋ ግን አይገባውም። ለመለየት፦

እጀታውን አዙሩ። እውነተኛው በየትእዛዙ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ደወሉም ይመታል። አስመስሎ የተሠራው ያለ ማቆሚያ ይንሸራተታል።

ቀስቶቹን ቁጠሩ። ትእዛዝና መልስ ስላለ ከእጀታው ሌላ የሚንቀሳቀስ የመልስ ቀስት ሊኖር ይገባል። ሁለት ሞተር ያለው መርከብ ባለ ሁለት እጀታ ይይዛል።

የጀርባውን ወይም የምሰሶውን መክፈቻ አስከፍታችሁ በባትሪ እዩ። ጥርስ ያለው ጎማ፣ የሰንሰለት ቁራጭ፣ የደረቀ ግራሶ ሊኖር ይገባል። ባዶ ቧንቧ ከሆነ ጌጥ ነው።

ፊቱ ነጭ ኢናሜል ወይም፣ ማታ ከውስጥ የሚበራ ከሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ መስታወት መሆን አለበት። የታተመ ወረቀት ወይም ስቲከር ከሆነ አልቋል። የፊደል ግድፈት ካለበትማ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ብሎኖቹን እዩ። ባለ መስቀል ራስ ብሎን ገበያ የገባው በ1930ዎቹ ነው። “የ1912 ነው” በተባለ ዕቃ ላይ በባለ መስቀል ካቻቪቴ የሚፈታ ብሎን ካለ ቢያንስ ተከፍቶ ተጠግኗል። “ታይታኒክ” የሚል የተቀረጸበት ቴሌግራፍ፣ ደወልም ሆነ ፋኖስ ሁሉ መታሰቢያ ዕቃ ነው፤ ስለሱ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

የተጣበቀ እጀታን በጉልበት አትጫኑ። ውስጡ ያለው ሰንሰለት ጨው በልቶት ከሆነ ይበጠሳል፣ ወይም የመልስ ቀስቱ ይጣመማል። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ዘንጉ ላይ አንጠባጥቡ፣ አንድ ሌሊት አቆዩት፣ ከዚያ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ አወዛውዙ። የፊት መስታወቱን የሚይዘው የናስ ቀለበት ብዙውን ጊዜ እንደ ብሎን በመጠምዘዝ የሚፈታ ነው፤ ከመፍታታችሁ በፊት ቀለበቱና ገላው የሚገናኙበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሡ። ከውስጥ የሚወጣውን ሮንዴላ በቅደም ተከተሉ በክር አስገቡት። የቀስቱ ቦታ የሚወሰነው በሮንዴላዎቹ ውፍረት ስለሆነ አንዷ ስትቀር ቀስቱ ፊቱን ይቧጭራል።

ሙሉ ምሰሶ ያለው ከ110 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ሲሆን 50 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ክብደቱ ጭንቅላቱ ላይ ነው፤ ልጅ እጀታውን ይዞ ሲንጠለጠል ይወድቃል። ወለሉን መብሳት ካልፈለጋችሁ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አዘጋጁና በእግሩ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች ከታች ወደ ላይ እሰሩት፤ የብሎኑ ራስ ጣውላው ውስጥ ይስጠም። ቦታ ለሌለው ደግሞ የሞተር ክፍሉ ግማሽ አለ፦ ምሰሶ የለውም፣ ግድግዳ ላይ ይታሰራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እኛ ብንመርጥ ለአፓርታማ ይህንን ነው የምንመርጠው።

ደወል

የመርከብ ደወል ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት የሚቆየው የጥበቃ ተራ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ ሁለት ጊዜ እየተባለ በስምንት ምት ተራው ያልቃል። በጉም ጊዜ ደግሞ መልሕቅ የጣለ መርከብ በየደቂቃው ለ5 ሰከንድ ያህል በፍጥነት ይደውላል። ይህንን ድምፅ በሩቅ ለማድረስ ደወሉ ከደወል ነሐስ ይቀለጣል፤ ይህም 78 በመቶ ገደማ መዳብ፣ ቀሪው ቆርቆሮ (ቲን) ነው። ርካሹ ደወል ከናስ፣ ማለትም ከመዳብና ከዚንክ ይሠራል፤ ያንኳኳል እንጂ አያስተጋባም። በእንጨት እጀታ መታ አድርጋችሁ ስሙ። ጥሩ ነሐስ ድምፁ ረዥም ሆኖ ቀስ እያለ ይሞታል። የሚርገበገብ፣ የተሰበረ ሸክላ የመሰለ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ አለበት፤ ስንጥቅ ደግሞ አይጠገንም ማለት ይቀላል። ከንፈሩ ከወገቡ የወፈረ መሆኑንም በጣቶቻችሁ ለኩ፤ ከላይ እስከ ታች እኩል ቀጭን ከሆነ ከስስ ዝርግ ብረታ ብረት ተጠፍጥፎ የተሠራ ነው።

ዋጋ የሚያወጣው ስሙ ነው። የመርከቡ ስምና የተሠራበት ዓመት ተቀርጾበት ከሆነ የለንደኑ ሎይድስ ሬጅስተር ከ1764 ጀምሮ ያወጣቸውን የመርከቦች መዝገብ በኢንተርኔት ፈትሹ፤ ስሙና ዓመቱ መገጣጠም አለባቸው። መርከብ ሲሸጥ ስሙ ሊቀየር ይችላልና ደወሉ ላይ ያለው የመጀመሪያ ስሙ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ፎርጅድ ጽሑፍ የሚታወቀው በጠርዙ ነው። እውነተኛ ደወል ሠራተኛ ሲወለውለው የኖረ ስለሆነ የፊደላቱ ጠርዝ ለስልሶ፣ ውስጣቸው ያለው ጥቁር ቀለም ተሸራርፎ ይታያል። ገላው ያረጀ፣ ፊደሉ ግን ጥፍር የሚይዝ ስለታም ከሆነ አሮጌ ስም አልባ ደወል ላይ አዲስ ስም ተቀርጿል።

ኢትዮጵያውያንን የሚያጓጓ አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ “ኢትዮጵያ” ቀድሞ “ኦርካ” የተባለች የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ በ1962 ተረክበናት፣ በ1991 ወደ የመን ሸሽታ፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከእሷ ወጣ የሚባል ዕቃ ካጋጠማችሁ ወረቀት ጠይቁ፤ የዕቃው ታሪክ በተወደደ ቁጥር የሻጩ ታሪክም ይረዝማል።

ከሰመጠ መርከብ የወጣ ደወል ሕግ አለበት። እንግሊዝ ውስጥ በ1995ቱ የንግድ መርከቦች ሕግ መሠረት ከስባሪ መርከብ የተገኘ ማናቸውም ዕቃ በ28 ቀን ውስጥ እንዲህ ያለውን ዕቃ በሚረከበው የመንግሥት ሹም ዘንድ መመዝገብ አለበት። አሜሪካም የሰመጡ የጦር መርከቦቿን በ2004 ሕግ ትጠብቃለች። ደወሉ ዛጎል የተጣበቀበት ከሆነ የምዝገባ ወረቀቱን ሳታዩ አትክፈሉ።

ስትሰቅሉ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነው 5 ኪሎ ገደማ፣ 30 የሆነው ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል ብላችሁ አስቡ። ማንጠልጠያው ብረት ከሆነ በብረቱና በነሐሱ መካከል የቆዳ ሮንዴላ አስገቡ፤ ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች በእርጥበት ሲነካኩ ብረቱ ይበላል። ልጆች የምላሱን ገመድ ስበው ምላሱን ከንፈሩ ላይ እንዳይዙት አስተምሯቸው፤ ድምፁ ታፍኖ ሲመታ ደወል የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። ጎረቤት ላለበት ቤት ምላሱን በቆዳ መሸፈን ይበቃል።

ባንዲራና የእጅ ብልጭታ መብራት ባጭሩ

የዓለም አቀፍ ምልክት ባንዲራዎች ሙሉ ስብስብ 40 ነው፦ 26 ፊደል፣ 10 ቁጥር፣ 3 ምትክና 1 የመልስ። አሮጌዎቹ ሱፍ ናቸው። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ፣ ቀልጦ ጠብታ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ከላይ የእንጨት መቆለፊያ፣ ከታች ገመድ ይኑረው፤ ተገልብጦ እንዳይሰቀል የሚነግራችሁ እሱ ነው። አትጠቡት፤ ቀዩ ወደ ነጩ ይወርዳል። በላቲን ፊደል ስማችሁን መጻፍ ትችላላችሁ፣ ነገር ግን “ኤን”ን ከ“ሲ” በላይ አድርጋችሁ ብትሰቅሉ ትርጉሙ “አደጋ ላይ ነኝ፣ ድረሱልኝ” ነው። ቢጫው “ኪው” ደግሞ “መርከቤ ጤነኛ ነው፣ የመግቢያ ፈቃድ ይሰጠኝ” ስለሚል ለመግቢያ በር የሚስማማው እሱ ነው።

አልዲስ የሚባለው የእጅ መብራት ቃታ አለው፤ ሲጫኑት ብርሃኑ ብልጭ ይላል። ሣጥኑ፣ ማነጣጠሪያውና ሽቦው ካልተሟላ ዋጋው በጣም ይወርዳል። በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ግድግዳ ላይ ከሰካችሁት አምፖሉ ወዲያው ይቃጠላል። የውስጥ መስተዋቱን በናስ መወልወያ አትንኩት፤ ብሩ ተፍቆ ይወጣል። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አንሡለት፣ ይበቃል።

ናሱን ማጽዳት

ሰብሳቢዎች መሃል “አሮጌ ናስ አይወለወልም” የሚል አባባል አለ። ለሳንቲም እውነት ነው፤ ለመርከብ ዕቃ ግን አይሠራም። መርከብ ላይ ደወልና ቴሌግራፍ ሲወለወሉ ይኖሩ ነበር። ችግሩ መወልወሉ ላይ ሳይሆን በምን መወልወሉ ላይ ነው።

እኛ ቤት ሎሚና አመድ የናስ ዕቃን ያበራል። ለምጣድ ዕቃ ይሁን፤ ለአሮጌ ፋኖስ ግን አሲድ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን ይመዝዛል፣ ፊቱ ላይ መዳቡ ብቻ ቀርቶ ሐምራዊማ ሮዝ ቀለም ያወጣል። ያ ቀለም ካያችሁ ዕቃው ከመሸጡ በፊት አሲድ ውስጥ ተነክሮ ሊሆን ይችላል። በሞተር መወልወያም አታስወልውሉ፤ ጽሑፉን ያጠፋል፣ ጠርዙን ያደቅቃል።

አሞኒያ ያለበት ፈሳሽ ሌላ አደጋ አለው። በብሪታንያ ዘመን ሕንድ ውስጥ በፈረስ ጋጣ የተቀመጡ የጥይት ቀለሆች በዝናብ ወራት ተሰነጠቁ፤ ከፈረሶቹ ሽንት የተነሣው አሞኒያ ተጠፍጥፎ የተወጠረ ናስ እንደሚሰነጥቅ የታወቀው በዚያ ነው። የፋኖስ ገላና የጉም መለከት ተጠፍጥፈው የተሠሩ ስለሆኑ አሞኒያ የሌለበት መወልወያ ምረጡ።

ሥራው እንዲህ ይሂድ። በለብ ያለ ውኃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማዕዘኑን አውጡ። ከባሕር የመጣና ጨው ያለበት ከሆነ ሊነከር የሚችለውን ክፍል በተጣራ ውኃ ውስጥ ሳምንት አቆዩ፣ ውኃውን እየቀያየራችሁ ደጋግሙት። ቀለም የተቀባ ትንሽ ክፍል ከሆነ አሮጌ ድስት ውስጥ በውኃና በሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ሳይፈላ አንድ ሁለት ሰዓት ብታሞቁት ቀለሙ ይላላል፤ ድስቱ ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይሆንም። የመርከብ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ በሙቅ አየር ማሽንም አታቅልጡ። ቀለሙ ከተነሣ በኋላ በጥጥ ጨርቅና በክሬም መወልወያ በትንሽ በትንሽ ቦታ ሥሩ፤ ፊደላቱ ውስጥ የቀረውን ነጭ ቅሪት በእንጨት ስንጥር አውጡ።

ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ከጠረጋችሁት በኋላ በሳምንት ከተመለሰ ተራ ዝገት አይደለም፤ ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ ነሐሱን ከውስጥ እየበላው ነው። በአልኮል የተበረዘ 3 በመቶ ቤንዞትሪያዞል የጥገና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መድኃኒት ነው፤ መርዛማ ስለሆነ በጓንትና አየር ባለበት ቦታ ይሠራ። ከዚያ ዕቃውን ደረቅ ቦታ አኑሩት። የአዲስ አበባ ደረቅ ወራት ይረዳል፤ ዱባይ ወይም ጂዳ ላሉት ግን አየር ማቀዝቀዣው ሲጠፋ የሚገባው እርጥበት ችግሩን ይቀሰቅሰዋል።

ሲያልቅ በአሴቶን ጥረጉ፣ ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጣት ላብ ቨርኒሹ ሥር አሻራ ሆኖ ይጠቁራል። ከፍ ብሎ ለሚሰቀልና ለማይነካ ዕቃ ሁለት ስስ ዙር የናስ ቨርኒሽ ርጩ፤ እርጥብ ቀን ላይ ከረጫችሁ ነጭ ጉም ያወጣል። እጅ ለሚበዛበት ቴሌግራፍና ደወል ግን ቨርኒሽ ቦታ ቦታውን ስለሚላጥ ሰም ይሻላል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መቀባት ይበቃል።

የሰዓት መሳይ ፊት ላይ ያሉ ቁጥሮች ቡናማ ወይም ክሬም መልክ ያለው የሚያበራ ቀለም ከተቀባባቸው ራዲየም ሊሆን ይችላል። መስታወቱን አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁ፤ እንደተዘጋ ይቀመጥ።

ግድግዳው

አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ግድግዳ ባዶ ሆድ ብሎኬት ነው። ተራ ፊሸር ብሎኬቱ ባዶ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፣ ለጊዜው የያዘ መስሎ ከወራት በኋላ ይለቃል። 8 ኪሎ ለሚመዝን ፋኖስ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በስድስት ለባዶ ብሎኬት የተሠራ ፊሸር እሰሩና ፋኖሱን ጣውላው ላይ ስቀሉ፤ ክብደቱ ይከፋፈላል። ደወል ሲመታ ስለሚነቀንቅ ከኮንክሪት ምሰሶ ወይም ከቢም ጋር ብቻ ይታሰር። በጂፕሰም ግድግዳ ላይ ከኋላ ያለውን የብረት ወይም የእንጨት ቋሚ ፈልጋችሁ እሱን ያዙ፤ ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ግን ባዶ መንጠቆ ብቻውን እንኳ አታምኑት።